ተላልፏል

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማሩኝ ያበላሸኋቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። ልቀጠርበት የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ግን የምስክር ወረቀት ስለሌለኝ «እስቲ እጅሽን እንየው» ብሎ ለሙከራ አስገባኝ። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይሎች ተቀብሎ ወደየባለቤታቸው የሚልክ ሰርቨር ካቆምኩ እቀጠራለሁ፣ ካቃተኝ ወደ ቤቴ።

ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ጎትቼ አወጣሁና አቆምኩት። ሠራ። እንግሊዝኛ ለሚያስጨንቃቸው አለቆች አዝኜም፣ ኢሜይል በሄደ ቁጥር ለላኪውም ለተቀባዩም ርእሱን ጠቅሶ በአማርኛ እንዲያስታውቅ አደረግሁ።

የመጀመሪያውን ኢሜይል ለሠራተኛው ሁሉ የላከው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ርእሱም «የነገው ስብሰባ» ይላል። ሰርቨሬ ወዲያው «የነገው ስብሰባ ተላልፏል» ሲል ለሁሉም አበሰረ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው እኔና ወንበሮቹ ነን። ስብሰባን ለሌላ ቀን መግፋት እንደ ቁርስ በተለመደበት ቤት ማን ይጠራጠራል? ጠሪው ራሱ እንኳ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ።

«ስብሰባውን ማነው ያስተላለፈው?»

ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «እኔ ነኛ ጋሼ። ለሁሉም ነው ያስተላለፍኩት።»

«በማን ሥልጣን?»

ያኔ ገባኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ተላልፏል ማለት እኮ ደርሷል ማለት ነው።»

«እዚህ ቤት ተላልፎ የደረሰ ነገር አይቼ አላውቅም።»

«እርስዎስ ራስዎ ጠርተው ለምን ቀሩ?»

«የበላይ ያስተላለፈው መስሎኝ ነዋ።» መነጽሩን አወለቀ። «ለማንኛውም የቅጥርሽ ጉዳይም ተላልፏል።»

«ወደ በላይ ነው ወይስ ወደ ሌላ ጊዜ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ «እሱን በኢሜይል አሳውቅሻለሁ» አለኝ።