ባለ ሠላሳ አንድ ቁጥሩ ኦርኪድ

በኦርኪድ አበባ ውድድር ዳኝነት ከሁሉ የሚቀለው ደንብ ይህ ነው፤ የተክሉን ባለቤት ያወቀ ዳኛ ከጠረጴዛው ይነሣል። ምክንያት አይጠየቅም፤ የሚታዘበውም የለም። ባልደረቦቹ ቱምቢ የሚሉት ዳኛ ይህን ደንብ ለአዳዲስ ዳኞች ሲያስተምር ዐሥር ዓመት ኖሯል። ቱምቢ ያሉት እንደ ግንበኛ ቱምቢ ወደ ማንም አያዘነብልም ብለው ነው፤ እርሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ይዞታል።

በዚያ ቅዳሜ ማለዳ፣ የአዳራሹ በር ለተመልካች ከመከፈቱ በፊት፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር የተለጠፈበት ሸክላ ለዳኞች ሲቀርብ ቱምቢ ገና ከሩቁ ዐወቀው። ሸክላው የተቀመጠበትን የእንጨት ሣጥን የሠራው ጡረተኛው አናጢ አባቱ ነው። ከንፈር በሚሉት የታችኛው ቅጠሉ ላይ ብቻ የቀላውን ነጭ አበባም አባቱ ከዘር አብቅሎ ስምንት ዓመት ጠብቆታል። አማካይ ሰባ አምስት ነጥብ ያገኘ አዲስ ተክል ይሸለማል፤ ባለቤቱ በመረጠለት ስምም በኦርኪድ አብቃዮች ማኅበር መዝገብ ይሰፍራል። አባትየው የመረጠው የሚስቱን ስም ነበር። ተክሉ የሚያብበው በዓመት አንዴ ነው፤ እርሷ ግን ለከርሞ እንደማትደርስ ሐኪሙ ለአባትና ለልጅ በአንድነት ነግሯቸዋል።

ቱምቢ ይህን ሁሉ እያወቀ አልተነሣም። ቢነሣ ደንብ አከበረ ይባላል፤ ይህ ደግሞ የማንም ዳኛ ወግ ነው። ተቀምጦ በአባቱ ላይ ቢጨክን ግን ወሬው ለዓመታት ይነገርለታል።

«ስፋቱ ዐሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር» አለች የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ማስመሪያዋን ሳታስነካ ከአበባው አጠገብ ይዛ። «ውይ፣ ንጣቱ!»

«አበቦቹ ግን ተኳርፈዋል» አለ ፋርማሲስቱ ዳኛ እየሳቀ። «አንዱ ወደ በር፣ አንዱ ወደ ግድግዳ። ባልና ሚስት ይመስላሉ።»

እንቡጡ በሚፈነዳበት ሰሞን ሸክላው ከተዟዟረ ኦርኪድ እንዲህ ይሆናል፤ አበባው ሁሉ ብርሃን ባገኘበት በኩል ፊቱን ሰጥቶ ይቀራል። አባትየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከአልጋ የማትነሣው ሚስቱ አበባውን ፊት ለፊት እንድታየው ጠዋት ጠዋት ወደ እርሷ፣ ከቀትር በኋላ ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ሰንብቷል። ልጁም በዓይኑ አይቷል።

ሦስቱ ዳኞች በየወረቀታቸው ጻፉ። የውድድሩ ጸሐፊ ሰብስባ አነበበች፤ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ሰባት፣ ስልሳ ዘጠኝ።

«አበስኩ ገበርኩ! ስልሳ ዘጠኝ?» አለች ሰብሳቢዋ ወደ ቱምቢ ዞራ። «ለአበቦቹ አደራደር የተመደበው እኮ ዐሥር ነጥብ ነው። እሱን ሙልጭ አድርገህ ወስደህ ከቅርጹም ከቀለሙም ቆረስክ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«አንተ መቼም ውሃ ቀጠነ ብለህ ትጣላለህ» አለ ፋርማሲስቱ። «ድምሩ ሁለት መቶ ሃያ አራት ነው። አንዲት ነጥብ ጨምርና ይለፍ።»

«ተክሉ የአባቴ ነው» አለ ቱምቢ ረጋ ብሎ። «አንድ ብጨምር ለአባቴ ጨመረ ነው የምትሉኝ።»

ደንቡ በዚያች ሰዓት ፍርዱን አፍርሱት ይላል። ነገር ግን ደንቡን ሁሉም የሚያስበው ለሚያዳላ ዳኛ ነበርና፣ የገዛ ወገኑን ለሚበድል ዳኛ ማንም አላሰበውም። ጸሐፊዋ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል!» አለች። ፋርማሲስቱ ተነሥቶ ጨበጠው። ስልሳ ዘጠኙም ጸና።

እኩለ ቀን ላይ አባትየው ሸክላውን ሊወስድ መጣ። የሦስቱ ዳኞች የነጥብ ወረቀቶች ከሣጥኑ ጋር ተያይዘው ነበር፤ ስልሳ ዘጠኝ በሚለው ላይ የልጁን የእጅ ጽሕፈት ለማወቅ መነጽሩን እንኳ አላወጣም።

«አባዬ፣ አበቦቹ ዞረው ነበር፤ ሌሎቹም አይተዋል።»

«ዞረዋል። ማን እንዳዞራቸው፣ ለማን እንዳዞራቸው ታውቃለህ። አዳላልኝ አላልኩህም፤ ከጠረጴዛው ብትነሣልኝ ይበቃኝ ነበር።»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

«ይኸው አሉልህ። ደስ ይበልህ።»

ወደ ቤት ያደረሳቸው የቱምቢ መኪና ነው። እናትየው ትራሷን ተደግፋ ስትጠብቅ ቆይታለች።

«እህሳ፣ ተጻፍኩ?»

«አንዲት ነጥብ ጎደለች» አለ አባትየው።

«አንዲት! ማነው ይኼ አንጀተ ደረቅ ዳኛ?»

ሸክላውን ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጦ ጎንበስ እንዳለ መለሰላት፤ «የማናውቀው ሰው ነው።»

እርሷም በሩ ላይ ወደቆመው ልጇ ዞረች። «አንተስ ልጄ፣ እዚያው አልነበርክም እንዴ? ምናለ አንድ ቃል ብትለው?»

ዐሥር ዓመት ሙሉ ወደ ማንም አያዘነብልም የተባለለት ሰው ወደ አልጋዋ ጠጋ አለ።

«ብዬው ነበር፣ እማዬ» አለ። «አልሰማ አለኝ።»