የናስሪን መርዶ

የቤታችን ስልክ የጉባኤው ስልክ የሆነው በሔርሞን ምክንያት ነው እንጂ እኔ የለሁበትም። ሔርሞን የልጅ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲው በጊዜያዊነት ቀጥሮ፣ የደቡብ እስያን ነገር የሚያጠኑ ምሁራን ከየአገሩ የሚሰበሰቡበትን ጉባኤ አሰናጂ አላት። ሕንድን፣ ፓኪስታንን፣ ባንግላዴሽን፣ ኔፓልን ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የሚያጠና ሰው በዓለም ላይ ይህን ያህል መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጉባኤው ካማረ ቋሚ እናደርግሻለን ብለዋታል። ቋሚ ማለት ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ነው፤ እኔም ስለቴን ተስዬ ነበር። እሷ ታዲያ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ የሚደውል እንግዳ እንዳይቸገር ብላ የቤታችንን ቁጥር መጥሪያው ላይ አሳተመችው።

እኔ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚደወል ስልክ እፈራለሁ። በደወለ ቁጥር ግን አንስቼ ሔርሞን እንዳስጠናችኝ «ሄሎ፣ ኮንፈረንስ» እላለሁ፤ ከወዲያ ደግሞ አንድ ትሑት ድምፅ ኦሃዮ በመስከረም ይበርዳል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። «በጣም! ሹራብ ያዙ!» እላለሁ፤ የሰው ልጅ በእኔ ምክንያት እንዳይታመም ብዬ። ግማሾቹ ሹራብ ተሸክመው መጡ። ያ ሳምንት ደግሞ ሙቀቱ ጉድ ነበር። ሔርሞን «እማማ፣ ሰዎቹ አንቺን እየፈለጉሽ ነው» እያለች ስትስቅብኝ ሰነበተች።

ጉባኤው በተጀመረ በማግስቱ፣ ጠዋት፣ እሷ ከወጣች በኋላ ስልኩ ጮኸ።

የወንድ ድምፅ ነው፤ ርቆ ይሰማል፣ እየተቆራረጠም ነው። ከዳካ ነኝ አለኝ። ፕሮፌሰር ናስሪን እህቴ ናት፣ ሆቴል ብደውል ክፍሏ ውስጥ የለችም አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ታላቅ እህታችን ሞተች። ቀብረን መመለሳችን ነው። እባክዎ ይንገሩልኝ፤ ማታ ሆቴሉ እደውላለሁ።» ነፍስ ይማር እንኳ ሳልለው መስመሩ ተቋረጠ።

ናስሪንን አውቃታለሁ። የመጣች ዕለት አውሮፕላኗ ዘግይቶ ሆቴሉ የሚበላ አልነበረውም፤ ሔርሞን ወደ ቤት ይዛት መጥታ ሽሮ አብልቻታለሁ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ናት። እናታቸው ቀድማ ሞታ ታላቅ እህቷ እንዳሳደገቻት፣ እስከ አሁንም ስትደውልላት መጀመሪያ «በላሽ?» እንደምትላት አጫውታናለች። ቅዳሜ የጉባኤውን ትልቁን ንግግር የምታደርገው እሷ ነበረች።

ጉባኤው ወደሚካሄድበት ወደዚያው ሆቴል ለሔርሞን ደወልኩ።

«ሔርሚ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«እማማ፣ ቢዚ ነኝ፤ ማይክሮፎኑ አልሠራ ብሎ…»

«እስቲ ተቀመጪ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

ነገርኳት። «ኦ ማይ ጋድ። እሺ፣ አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ» አለች።

«የት ነው ያለችው?»

«ኮሪደር ላይ፣ ሻይ እየጠጣች።»

«ኮሪደር ላይ! ቆማ! አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንደዚህ ይነገራል?»

«እና ምን ላድርግ? የማወቅ ራይት አላት እኮ። ደብቄያት ከተሰማ ደግሞ ፋየር ያደርጉኛል።»

«ደብቂያት መቼ አልኩ? ዛሬ በሰላም ትደር። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዘን እንሄድና…»

«ማታ ወንድሟ ሊደውል ነው አላልሽም?»

 ብቻዋን፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታየችኝ። እኔ የወንድሜን ሞት እዚሁ ከተማ የሰማሁት እንደዚያ ነው። የነገረኝ ሰው ምን እንዳለ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ሔርሞን ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስልኩን እጀታ እንደያዝኩ ወለል ላይ አገኘችኝ።

«ሔርሚ፣ እኔ ላይ የሆነው እሷ ላይ አይሁን» አልኳት።

ያን ቀን አልረሳችውም። «እሺ» አለች፤ «እስከ ምሳ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ግን አንድ ደቂቃ አልጨምርም።»

ታች ያለችውን ጎረቤቴን ሩቅያን ቀሰቀስኳት። አዛውንት የምትጦርበት ቤት ሌሊቱን ሠርታ ገና መተኛቷ ነበር። እንደ ናስሪን ሙስሊም ስለሆነች የሚባለውን ታውቃለች ብዬ ነው። ነገሩን ስነግራት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች። ከማኅበራችን ደግሞ ዘገዬን ጠራሁት፤ ታክሲ ስለሚነዳ መኪናም ሰውም አገኘሁ ማለት ነው።

እኔም እንደ ወጉ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተከናነብኩ። ከምንኖርበት ከዌስተርቪል ተነስተን ሰባ አንድ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ መሀል ከተማ ስንወርድ ዘገዬ በመስታወቱ እያየኝ፣ «እትዬ ሸዋረጋ፣ ሴትዮዋን አላውቃት፣ ቋንቋዋን አላውቅ፤ ሄጄ ምን እላለሁ?» አለ።

«ምንም አትልም። ትቀመጣለህ።»

«ለመቀመጥማ እኔን የሚያህል የለም። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ እሱ አይደል?»

ሩቅያ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩን ሁሉ በሐሳቤ ደርድሬዋለሁ፦ ሔርሞን አንድ ፀጥ ያለ ክፍል ታዘጋጃለች፤ ናስሪን መጀመሪያ እህል ትቀምሳለች፤ ሩቅያ በቀኟ፣ እኔ በግራዋ እንቀመጣለን፤ ስለ አገሯ፣ ስለ ቤተሰቧ እያወራን ቀስ በቀስ ወደ ነገሩ እንመጣለን።

የሆቴሉን አልጋ ከሚያነጥፉት ግማሾቹ ሐበሾች መሆናቸውን አላሰብኩም።

በሩን አልፈን እንደገባን፣ አንሶላ የተከመረበት ጋሪ የምትገፋ አንዲት ወጣት ቀና ብላ አየችን። ጥቁር የለበሰች አሮጊት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ አጠገቧ ሻሽ ያሰረች ሴት፤ ከኋላ ኮቱን የቆለፈ ሽማግሌ። የአገሬ ሰው ይህን አይቶ ምን እንደሚያስብ ማን ይነግረዋል? ጋሪውን ለቀቀችው።

«እናቴ ናት?» አለች። «እናቴ ናት አይደል? ንገሩኝ!»

«ኧረ የለም ልጄ፣ አንቺ ጋ አይደለም የመጣነው» አልኳት ደንግጬ።

«እናትሽ ደህና ናት!» አለ ዘገዬም።

ይባስ ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። እኛ መርዶ ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው፣ አይዞሽ። ስንት ዘመን እንዲህ ስንባባል ኖረን ዛሬ ማን ይመነን?

«በሚካኤል እምልልሻለሁ!» አለ ዘገዬ።

«አይማሉ! አይማሉ! ዐወቅሁት!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ደረቷን ትመታለች። ሻንጣ የያዙ ፈረንጆች ቆመው ያያሉ፤ ጥበቃው በሬዲዮ ይናገራል። ከአዳራሹ የጉባኤው ሰዎች ስማቸውን ደረታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ግልብጥ ብለው ወጡ። ሔርሞን ከፊት ነበረች። እኔን አየች፣ ልጅቷን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። የልጄን እንጀራ ዘጋሁት አልኩ በሆዴ።

ያን ጊዜ ናስሪን ሰዉን በእጇ ገለጥ ገለጥ አድርጋ መጣች። ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና የልጅቷን ራስ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር ትላታለች፤ ግንባሯን ትዳብሳታለች። ከዚያ ቀና ብላ ሔርሞንን፣ «ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?» አለቻት።

ሔርሞን መዋሸት አትችልም። ከልጅነቷም አትችልም። ወደ እኔ ዞራ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

ያሰብኩት ሁሉ፣ ክፍሉም ወንበሩም እህሉም፣ ቀረ። ጉልበቴን እያመመኝ ወለሉ ላይ ወረድኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሩቅያም በወዲያኛው ጎን ተቀመጠች። እጇን ያዝኩ። በዚያች በማውቃት እንግሊዝኛ፣ «ከቤትሽ ተደውሎ ነበር» አልኳት፤ «ታላቅ እህትሽ ናት።»

ፊቴን አየችኝ። ነጠላዬን አየችው። ሩቅያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። ናስሪን እሱኑ ደገመችው፤ ከዚያ ድርቅ አለች። እጇ ልጅቷ ግንባር ላይ እንዳለ ቀረ። እንባ የለም፣ ቃል የለም። እኔ ይሄን መድረቅ አውቀዋለሁና ፈራሁ።

ልጅቷ ዝም አለች። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታይ ነገሩ ገባት። «የሷ ነው?» አለችኝ።

«የሷ ነው፣ የኔ እናት። ታላቅ እህቷ ናት፤ ያሳደገቻት።»

ተነሳችና ናስሪንን አንገቷን አቀፈቻት። ለእናቷ የጀመረችውን ለቅሶ እዚያው ካቆመችበት ቀጥላ፣ ለማታውቃት ሴት እህት አለቀሰችው። «እህትዬ! እህትዬ!» ትላለች፤ ከዚያ ሁሉ ምሁር መካከል ቃሉን የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም የገባው ይመስለኛል። ናስሪን ትከሻዋ ላይ ተደፋች። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ትከሻዋ ሲርገበገብ አየሁ። አምላኬ ተመስገን አልኩ። ልጅቷ ፅጌረዳ ትባላለች። ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እኔ በወግ በማዕረግ ልሠራው ያሰብኩትን የሠራችው እሷ ናት።

ናስሪንን ደግፈን ወደ ክፍሏ አወጣናት። ፅጌረዳን ዘገዬ ታች ወዳለው የሕዝብ ስልክ ወስዶ ናዝሬት እናቷ ጋ አስደወላት። እናቷ አንስተው ልጃቸው በሥራ ሰዓት በመደወሏ ተቆጧት አሉ፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ተመልሳ ወጣች። ሰው መምጣት ጀመረ። ከዴልሂ የመጣው ሰውዬና ከላሆር የመጣው ሰውዬ ጠዋት በመድረክ ላይ ተጨቃጭቀው ሔርሞንን ራሷን አዙረዋት ነበር፤ አሁን ምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሻይ ያቀብላል። ዘገዬም እንዳለው ተቀመጠ፤ አንድ ቃል ሳይናገር እስከ ማታ ተቀመጠ።

የሔርሞን አለቃ መጣች። ረጅም ፈረንጅ ናት። የከሰዓቱ ስብሰባ ሰው አጥቶ መቅረቱን ሰምታ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመች። ተነስቼ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቱን እንዳትነኪያት» ልላት ስል፣ የሁላችንም ጫማ በሩ ላይ መደርደሩን አየች፤ ጎንበስ ብላ የራሷን አወለቀችና ገብታ ሔርሞን አጠገብ ተቀመጠች። እጇን የሔርሞን እጅ ላይ አደረገች። ስለ ሥራ ያን ቀን ምንም አላለችም። በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ያለችውን አለች፤ ስለቴንም አስገብቻለሁ።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ።  ናስሪን አነሳችው። ወንድሟ ነው፤ መንገር አቅቶት ዙሪያውን ሲሄድ እሷ አቋረጠችው። በቋንቋቸው ተናገረች፤ አለቀሰች፤ ደግሞ ተናገረች። የሆነ ነገር ሲጠይቃት ክፍሉን ዞር ብላ አየችና ያለነውን አንድ በአንድ የቆጠረችለት መሰለኝ። ስታበቃ እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

እያመነታሁ ተቀበልኩ። ሰውየው «ብቻዋን ናት ብዬ ስጨነቅ ነበር ያደርኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ዓይነት ነገር ደጋግሞ አለኝ። ድምፁ ደክሟል። ለካስ እህቱን ቀብሮ፣ ሌላዋን ባሕር ማዶ እያሰበ፣ ዓይኑን ሳይከድን ነው ያደረው።

«እርስዎስ?» አልኩት። «እርስዎ አጠገብ ማን አለ?»

ቤቱ በሰው ሙሉ ነው አለኝ። ሊነጋ ነው፣ ለሶላት እየተነሱ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ፤ እውነትም ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ በር ይከፈታል፣ ውሃ ይቀዳል።

«እህልስ ቀመሱ?» አልኩት።