የአረማዊው ጸሎት በአራራይ

ሰምሃል ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ከመሪጌታ ገብረእዝጊ ጋር ትኖራለች። መሪጌታ ዓይናቸው በሞራ ከተጋረደ ወዲህ ቀኑን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው በእንቅልፍና በዜማ መካከል ያሳልፉታል። እሷ ደግሞ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ለመመረቅ የምትጽፈው ጥናት አለባት፤ የጥንት ክርስቲያን ሊቃውንት የአረማውያንን የምሥጢር መጻሕፍት እንዴት እንዳነበቡ የሚመረምር። ርእሱን የነገረቻቸው ዕለት «አባቶቻችን ጣዖት አምላኪ ደጅ ምን ሊለምኑ ይሄዳሉ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩባት።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዝናቡ የመንገዱን ጩኸት ሁሉ ዋጠው። ቤቱ ውሃ ውስጥ የሰጠመ መሰለ። ሰምሃል፣ አባቷ የተኙ መስሏት፣ ከአንድ ግብጻዊ አረማዊ ጠቢብ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የመለሰችውን ድምፅ አውጥታ አነበበች።

«ብርሃን ሆይ፣ ላይህ ብዬ ዓይኔን ስከፍት አንተ ቀድመህ ታየኝ ነበር።»

መሪጌታ አልተኙም ነበር። ቃሉን ከአፏ ተቀብለው በአራራይ ያዜሙት ጀመር፤ በዚያ አንጀት በሚበላው ዜማ። ድምፃቸው ከዝናቡ ጋር ሲቀላቀል፣ የምትሰማው አባቷን ይሁን ከብዙ ዘመን በፊት ዓባይ ዳር ቆሞ የጸለየውን ሰው መለየት አቃታት።

«የየትኛው አባት ነው?» አሉ ሲጨርሱ።

መዋሸት ትችል ነበር። «የአባት አይደለም አባዬ። ከነገርኩዎት አረማውያን የአንዱ ነው።»

ቁጣቸውን ጠበቀች።

«ታዲያ ማንን ነው የሚጠራው?»

«ስሙን አላውቅም ይላል።»

ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። «ቀጥዪ» አሉ።

ቀጠለች። ጠቢቡ ወረድ ብሎ ግን መንፈስን ሐውልት ውስጥ ስለማሳደር፣ አማልክትን በእጅ ስለመሥራት ያስተምራል። መሪጌታ አማተቡ። «በቃ! ይኼስ አይሆንም!»

«አባቶችም እኮ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው» አለች ሰምሃል። «አንዱ የፊተኛውን ይዞ ‹ይህም ሰው ከሩቅ አይቶ ነበር› አለ። ሌላው የኋለኛውን ይዞ አወገዘው።»

«ሁለቱም አንብበውታል?»

«ሁለቱም።»

መሪጌታ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው እኛም እናንብበው። ወንበርሽን አስጠጊ።»

እስኪመሽ ድረስ እሷ እያነበበች፣ እሳቸው አንዳንዱ ላይ እያማተቡ፣ አንዳንዱን ለስለስ አድርገው እያዜሙ ቆዩ።