የጎታው አማና

ሲስተር ህሊና ከጦርነቱ ሸሽታ ከቆየችበት ከደብረ ብርሃን እስከ መርሳ በአይሱዙ ላይ ተጭና ስትመጣ የምታስበው ስለ አንድ ካርቶን ነበር። የተቃጠለ ታንክ ባለፉ ቁጥር ሌላው ተሳፋሪ አንገቱን ያሰግጋል፤ እሷ ግን ውርጌሳን ሲያልፉ እንኳ ቀና አላለችም። “አምላኬ፣ እሱን ብቻ አትርፍልኝ” ትላለች በሆዷ። ካርቶኑ ለሳምባ ምች የሚሰጥ የሕፃናት አሞክሳሲሊን ነው። ነሐሴ ላይ የመርሳ ከተማ በታጣቂዎች ሊያዝ አንድ ቀን ሲቀረው ከጤና ጣቢያው መጋዘን በነጠላ እንደ ልጅ አዝላ አወጣችው፤ ተከራይታ ከምትኖርበት ግቢ ባለቤት ከእትዬ ከድጃ ጎታ ውስጥ ከትታ ማሽላ ደፋችበት።

ህሊና ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ኮሶ ነው። የተረፈ ክኒን ለጎረቤት ልጅ ያካፈለች እናት ካገኘች ወረፋ ፊት አቁማ ታዋርዳታለች። “መድኃኒት ከረሜላ አይደለም! ያለ ባለሙያ እጅ የተሰጠ መድኃኒት መርዝ ነው!” ይህን ያልሰማች የሀብሩ ወረዳ እናት የለችም። እውነቷን ነው። ብቻ ለመድኃኒቱ እንጂ ለቁጣዋ መጠን አታውቅም ነበር።

ለእትዬ ከድጃም የነገረቻቸው በዚያው ቃል ነው። “እኔ ራሴ ሳልመጣ እንዳይከፈት። ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ። ሰው እጅ ከገባ ልጅ ይገድላል። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፣ በአላህ ይማሉልኝ።”

እትዬ ከድጃ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ “ወላሂ፣ አማና ነው” አሉ።

አማና ካሉ በኋላ ሌላ ውል የለም። የሰው አደራ ከሚበሉ የገዛ ሥጋቸውን ቢበሉ የሚመርጡ ሰው ናቸው። ህሊናም ይህን ስለምታውቅ ነው እሳቸውን የመረጠችው።

መርሳ ስትደርስ መጀመሪያ ጤና ጣቢያውን አየች። አልጋው ተወስዷል፣ ፍሪጁ የለም፣ በሩ ሳይቀር ተነቅሏል፤ የሕመምተኞች ካርድ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ በልቶታል። ደጃፉ ላይ ግን ወረፋ አለ። የታኅሣሥ ብርድ የመታቸው ልጆች በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ይስላሉ። ያቺ ቁጡዋ ሲስተር መጣች ሲባል ሴቶቹ አለቀሱ። “እዚሁ ጠብቁኝ፣ መድኃኒት አለኝ” አለቻቸውና እየሮጠች ሄደች።

እትዬ ከድጃን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከስተዋል። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ህሊና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ “ካርቶኑስ?” አለች።

“አማና አይደለም እንዴ? ግቢና እዪው።”

ጎታው ከግማሽ በታች ጎድሏል። ታጣቂዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ማሽላ ዝቀዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ እትዬ ከድጃ “ለዘር እንኳ ይትረፈኝ” እያሉ ጎታው ላይ ተደፍተው የታችኛውን አስቀርተዋል። ካርቶኑ ሲወጣ ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም። ህሊና ደስታዋን መያዝ አቅቷት ጉልበታቸውን ሳመች።

“እግዜር ይስጥልኝ! ስንት ልጅ አተረፉ መሰለዎት! ዛኪርስ የት አለ? እስቲ ልሳመው።”

ዛኪር የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። እናቱ ሀስና ጡት እንዳስጣለችው ለእሳቸው ትታ ሪያድ ለሥራ ሄዳለች።

እትዬ ከድጃ የካርቶኑን አቧራ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

“ዛኪርማ ጥቅምት ላይ ሞተብኝ፤ አኼራ ሄደ” አሉ። “ሳል ጀመረው። ኋላ ትንፋሹ ፈጠነ። ያስተማርሽኝን አልረሳሁም፤ ሆዱን ገልጬ በሰዓት አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። አርባ ካለፈ ሳምባ ነው ብለሽኝ የለ? ስልሳ ሁለት። ከጎድኑ ሥርም ይሰረጉድ ጀመር። ጤና ጣቢያው ወና፣ ፋርማሲው ዝግ። ሦስት ቀን እዚችው ጎታ ሥር አቅፌው ተቀመጥኩ።”

ህሊና ወደ ካርቶኑ ዞረች። “እዚህ? ታዲያ… እትዬ ከድጃ፣ ለምን አልከፈቱትም?”

“ምን ነካሽ ልጄ? አስምለሽኝ! ያለ ባለሙያ መርዝ ነው አላልሽም? ሼኹን እንዳልጠይቅ ትንፍሽ እንዳይሉ ብለሻል። አልዋሽሽም፣ አንድ ጊዜ ቢላዋ አንስቼ ነበር። የሰው አማና በልቼ፣ ልጁንም በመርዝ ገድዬ፣ ለሀስና ምን እላለሁ ብዬ መለስኩት።” ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ “ኔትወርክ የለም። ገና አልሰማችም” አሉ።

ህሊና መጮኽ ፈለገች። ከአራት ወር በፊት እዚሁ ቆማ ጣቷን ስታወዛውዝ የነበረችው ሴት ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት፤ ጠላቻት። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ከድጃ ቀደሟት። “ይጠብቁልኝ አልሽ፣ ጠበቅሁልሽ። አሁን ተነሽ፣ የሰው ልጅ እየጠበቀሽ አይደል?” አሉና ካርቶኑን ራሳቸው ተሸከሙ።

ጤና ጣቢያው ማንኪያ እንኳ ስላልተረፈው፣ ማንኪያና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃም ከቤታቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከወረፋው መጀመሪያ የነበረችው ለይላ የምትባል እናት ናት፤ የአሥር ወር ልጇ ትንፋሹ ሲቆጠር ከሃምሳ አልፏል። ህሊና ፕላስተሩን ቀደደች። አንዲት ክኒን ማንኪያው ላይ አኖረች፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገችባት፣ ክኒኗ ወዲያው ሟሟች። ልጁ ዋጠና ከንፈሩን ላሰ።

“ጠዋትና ማታ፣ አምስት ቀን” አለች ለለይላ።

እትዬ ከድጃ አጠገቧ ቆመው ያዩ ነበር። “በቃ?” አሉ። “ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

ማንኪያውን ከእጇ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የዛኪር ማንኪያ ነበር።

“ይኼንንማ እኔም እችለው ነበር” አሉ።

ህሊና የሚቀጥለውን ልጅ ልብስ ገልጣ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች። ሃያ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች።