የመነሻ ውጤት

በፈተናዎች መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውጤት አጠናቃሪዋን ፊት ለፊት «እትዬ» የሚሏት ሁሉ ዘወር ስትል «ወይዘሮ አማካይ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ውጤት ስትደምርና ስታካፍል የኖረች ሴት ቅጽል ስም ባይወጣላት ነበር የሚገርመው።

ከሠራችው ሁሉ ስሟን ያስጠራው አንድ ሰንጠረዥ ነው። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን፣ የግሎቹንና ከከተማው ስድስት ሰዓት የሚርቀውን አዳሪ ትምህርት ቤት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጠች። የመንግሥት ሃምሳ አራት፣ የግል ስልሳ ስድስት፣ አዳሪው ሰማንያ አንድ። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ፣ ከወላጅ ወላጅ ዞረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሷ ሞኝ አልነበረችም፤ የወረቀቱ እናት ግን ነበረች፤ እናት ደግሞ የወለደችውን ታምናለች። በዚያው ዓመት አንድ ለእናቱ የሆነውን የአስራ ሁለት ዓመት ልጇን ሻንጣውን ሸክፋ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባችው። አባቱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ «ተይው ከጉያሽ አይውጣ» ይላት ነበር ይሆናል። እሱም ቢሆን በሰንጠረዡ መረታቱ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየመንፈቁ አንዴ ልትጠይቀው ትሄዳለች። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና «ሒሳብ ስንት አመጣህ?» ትለዋለች። እሱም ይነግራታል። ሌላ ምን እንደሚባል ሁለቱም አያውቁበትም። ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች። ቤት ገብታ ሁለት የራት ሳህን ታወጣና አንዱን መልሳ ትሰቅለዋለች። አንድ ዕረፍት በሩ ተንኳኳ፤ «እኔ ነኝ» የሚል ጎርናና ድምፅ ስትሰማ «እኔ ማን?» አለች። ልጇ ነበር። ድምፁ የተለወጠው እሷ በሌለችበት ነው።

ዘንድሮ አለቃዋ አዲስ ንጽጽር እንድትሠራ አዘዛት። ምክንያቱ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን የመጣ ደብዳቤ ነው፤ አጭርና ኮምጣጣ። «አዳሪው ጎበዝ ይለቅማል እንጂ ጎበዝ አያደርግም። እስቲ ልጆቹ ሲገቡ ስንት እንደነበራቸው ተመልከቱ።»

መጀመሪያ ሳቅ አለች። ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። በዚያ ስመ ጥር ሰንጠረዥ ላይ የስድስተኛ ክፍል ውጤት የሚባል ዓምድ አልነበረም። ካርዶቹ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል በካርቶን ታሽገው ተቀምጠው ነበር፤ እሷ ግን ጊዜ አጥሯት መነሻውን ትታ መድረሻውን ብቻ ለካች። ጀማሪ ቢሆን ይጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሳሳተው አዋቂ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አቧራ ስትቅም ከረመች። ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ዓመት እስከ ዘንድሮ ለተፈተነ ለእያንዳንዱ የአዳሪና የግል ተማሪ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ እኩል ነጥብ የነበረውንና በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ እየፈለገች አጣመረች። ከዚያ የሁለቱን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አነጻጸረች። ሃያ ሰባት ነጥብ የነበረው ልዩነት ወደ አንድ ወረደ። የግሎቹም ሁለት ነጥብ ብቻ ተረፋቸው። ሦስት ጊዜ ደመረች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

እጇ አላርፍ ብሏት የልጇን መስመር ፈለገች። ስድስተኛ ክፍል ዘጠና አንድ፤ ጥንዱም ዘጠና አንድ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ልጇ ሰማንያ አራት፣ ጥንዱ ሰማንያ ስድስት።

ያ ልጅ በየቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ደብተሩን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። እናቱን አታውቃትም፤ ግን ማንም ላይ ቀንታ የማታውቀውን ያህል ቀናችባት። ያቺ ሴትዮ ልጇ ሱሪው ሲያጥርበት አይታለች፣ ድምፁ ሲሰነጠቅ ስቃበታለች፣ ሲያኮርፍ ችላዋለች፣ ታሞ ሲተኛ ግንባሩን ዳብሳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ። እሷስ? ለእሷ የደረሳት የውጤት ካርድ ነው።

ልጇ የመጣው በማግስቱ በምሳ ሰዓት ነው። አሁን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ የድልድይ መሐንዲስ ነው። የሥራ ጫማው ላይ ሲሚንቶ እንደ ደረቀ ገባና ጉንጯን ሳማት።

«እማዬ፣ አዲሱ ሰንጠረዥ አለቀ አሉ። ስጪኝ እስቲ። የአዳሪው ምዝገባ አርብ ይዘጋል።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሚስቴ ልጄን አልክም ብላ እግሯን ተክላለች። ገና አስራ ሁለት ዓመቷ ነው ትለኛለች። እኔስ ስንት ነበርኩ? አልኳት። ቁጥሩን ካየች ትረታለች፤ አንቺም የተረታሽው በቁጥሩ ነው።»

ወረቀቱ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። «አልጸደቀም» ብትለው ይሄዳል፤ የልጅ ልጇም አርብ ትመዘገባለች። ብትሰጠው ደግሞ ልጇ ስድስት ዓመቱን ለምን እንደተነጠቀ ያውቃል፤ ለአንድ ነጥብ። ይህን ሲያውቅ በምን ዓይን እንደሚያያት ማሰብ ፈራች። ሆዷ «ቆይ» አላት። እጇ ግን መሳቢያውን ሳበ።

መሐንዲስ ነውና ቁጥር ለማንበብ ሰው አያስፈልገውም። ከላይ ወደ ታች ወረደና መልሶ ወጣ።

«አንድ ነጥብ?»

«አንድ ነጥብ።»

«ያኔ ሃያ ሰባት አልነበረም?»

«ያኔ ሲገቡ የነበራቸውን አላየሁም፤ ለካ ድሮም ጎበዞች ነበሩ።»

«እኔስ?»

ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ሰማንያ አራትንና ሰማንያ ስድስትን እያፈራረቀ አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት አጭር ሳቅ።

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሽንት ቤቱ ጀርባ እየሄድኩ አለቅስ ነበር» አለ። «ነግሬሽ አላውቅም። አልቅሼ ሲወጣልኝ ለራሴ አንድ ነገር እለዋለሁ። ‹እማዬ ቁጥሩን አይታለች› እለዋለሁ። እሱን ስል ልቤ ጸጥ ይልልኛል።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚል ሰው በዚያች ደቂቃ አጠገቧ ቢኖር በማስመሪያ ትመታው ነበር።

«ግማሹን ነው ያየሁት የኔ ጌታ» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና «ልጅቷ አትሄድም» አለ። «ለሚስቴ እኔው እነግራታለሁ።» ተነሥቶ በሩን ያዘ።

«ናፍቀኸኛል» አለችው ከኋላው።

ዞር አለ። «ምን ነካሽ እማዬ? ይኸው ፊትሽ ቆሜ?»

«አንተን አይደለም» አለች። «የአስራ ሁለት ዓመቱን ልጅ ነው።»

መሐንዲሱ በሩን ለቀቀ። ተመልሶ ወንበር ሳበና የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከጎኗ ተቀመጠ።