«ልጄ» ያለችው ሴት

«ልጄን! ላጢፋዬን! ልጄን!»

አስካለማርያም እየጮኸች ድንኳኑን አልፋ ስትገባ፣ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ሐጀራ እንባዋ ቀጥ አለ። ልጄ ነው ያለችው? የማንን ልጅ!

ላጢፋ የተቀበረችው ትናንት ነው። የአቃቂ ጎረቤት ከቀበሌ ስብሰባ እየቀረ፣ ስሜ ይያዛል ብሎ እየፈራም ቢሆን፣ ከሐጀራ አልተለየም። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን እንደዚች ሴት አንጀት በሚበላ ድምፅ ያለቀሰ የለም። የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ የመጣች ክርስቲያን በእስላም ቤት ደረቷን ትደቃለች! ሴቶቹ ከበቧት፣ ውሃ ሰጧት። ከዱከም የመጣች አንዲት ዘመድማ ጭራሽ እጇን ይዛ፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ የልጅ ነገር ከባድ ነው» አለቻት።

«እናትየዋ እኮ እኔ ነኝ!» አለች ሐጀራ።

የዱከሟ ዘመድ የያዘችውን እጅ ለቀቀች።

አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ዓሊማ ጎሸም አደረገቻት። «ኧረ ሰው ይታዘብሻል! ላጢፋን ማሳደጊያው ውስጥ የያዘቻት እሷ እኮ ናት።»

«አውቃታለሁ። ማን እንደኔ ያውቃታል!»

ላጢፋ አእምሮዋ ከዕድሜዋ ወደኋላ የቀረ ልጅ ነበረች። ጡቷ አጎጥጉጦ እንኳ እንደ ሕፃን ነበር የምትስቀው። አባቷ ጁማ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ሐጀራ ገበያ ስትወጣ ልጅቷን በሻሽ ከአልጋው እግር ጋር ታስራት ነበር። ምን ታድርግ? ባቡር በጮኸ ቁጥር ወደ ሐዲዱ ትሮጣለች። አንድ ቀን ሻሹን ፈትታ ሐዲዱ መሀል ቆማ ስታጨበጭብ ሰው ጎትቶ አዳናት። ያን ጊዜ ነው ጁማ እንደሷ ያሉ ልጆች ወደሚያድሩበት የቃሊቲ ማሳደጊያ ያስገባት።

ሐጀራ እሁድ እሁድ ሙዝ ይዛ እየሄደች ጥፋት ትፈልግ ነበር። ጸጉሯን ፈልፍላ ታያለች፤ ቅማል የለም። ጀርባዋን ገልባ ታያለች፤ ሰንበር የለም። አንድ ቁስል ብታገኝ ኖሮ አገር ይያዝልኝ ብላ ወደ ቤቷ ትመልሳት ነበር። እዚያ የሚታሰር ልጅ እንኳ አላየችም። ይባስ ብሎ ላጢፋ ሙዙን ትገምስና ግማሹን ይዛ ወደ አስካለማርያም ትሮጣለች። እናቷ ስትሄድም አንድ ቀን አላለቀሰችም። የሳንባ ምች ገድሏት ሬሳዋን ሲያጥቡ እንኳ ጥፍሯ ተቆርጦ፣ ገላዋ ጸድቶ ነበር። ለእናት የተረፈ ሥራ አልነበረም።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አለች ሐጀራ አሁን።

አስካለማርያም መጥታ ፊቷ በርከክ አለች።

«ሥጋችሁን አብልታችኋታል አይደል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለች ዓሊማ።

«ኧረ በማርያም፣ እትዬ! የሥጋ ቀን ሽሮዋን በሌላ ድስት እሠራላት ነበር። ብቻዋን ስትበላ ስለሚከፋት እኔም አብሬያት ሽሮ እበላ ነበር።»

የቅናት ነገር! ሐጀራ በልጇ ለቅሶ ላይ ቀናች። ምናለ ባበላቻትና በተጣላኋት!

አስካለማርያም አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «አንድ ነገር ግን ሳይገባኝ ቀረ፣ እትዬ። ልትተኛ ስትል እጄን ትወስድና ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ያማት መስሎኝ ለሐኪም አሳየኋት፤ ደህና ናት አለኝ። ዳበስ ሳደርጋት ደግሞ እጄን ወርውራ ታለቅሳለች። እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው ነበረች። ምን ፈልጋ ነው?»

ሐጀራ ታውቃለች። ላጢፋ ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ የጆሮዋ ጫፍ ካልታሸላት አትተኛም። ደስ አላት፤ ልጇ በሞተች ማግስት ደስ አላት። ይቺ የእኔ ብቻ ናት፣ አልነግራትም፣ ትቃጠል!

ደስታው ግን አልቆየም። ልጅቷ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ የእናቷን እጅ ፈልጋ ነው እያለቀሰች የተኛችው።

ሐጀራ እጇን ዘረጋች። የአስካለማርያምን የጆሮ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀስ እያለች አሸችው።

«እንዲህ ነው» አለች። «እንቅልፍ እስኪወስዳት።»