የኢየሩሳሌም ወይራ

ይግዛው ምላሱ ከእግሩ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነበር። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ እሱ ያልዋሸው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። አንዴማ በማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ ዋንጫውን እንደያዘ፣ "ጅብ ጋቢ ለብሶ ደጅ ቆሟል!" ብሎ የማኅበሩን ቄስ አባ መልካሙን ሳይቀር በአጥር አስዘልሏቸዋል።

የዚያን እሑድ ግን የዋሸው አማቱን ለማስደሰት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስቱን መስከረምንና አማቱን እማዋይሽን አስከትሎ፣ በአዲሱ ሆቴል ግቢ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበትን የአበባ ቦታ ሊያሳያቸው ገባ። እማዋይሽ አንድ ቁጥቋጦ ዘንድ ቆሙ። ቅጠሉ ረዘም፣ ጠበብ፣ ጠንከር ያለ ነው፤ አበባው እንደ ሕፃን ድድ የቀላ።

"ይኼንስ ምን ይሉታል?"

ይግዛው አላወቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ አልፈጠረበትም።

"እማማ፣ የኢየሩሳሌም ወይራን አያውቁትም? አንድ መነኩሴ በመቋሚያው ውስጥ ደብቆ ነው ያመጣው። ባሕር ላይ ማዕበል ቢነሣ መቋሚያው አበበ፤ ማዕበሉም ጸጥ አለ። በዚህ የታጠነ ጋን ጠላው አይጎመዝዝም፤ የጠጣውም ዓመቱን ሙሉ ራሱን አያመውም።"

"ቅጠሉስ እውነትም ወይራ ነው!" እማዋይሽ ቅርንጫፉን አቅፈው ሳሙት።

መስከረም ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። እሱ አማቱን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ነበር። ዘበኛው ዞር ሲል እማዋይሽ አንድ እቅፍ ሰብረው በነጠላቸው ሸፈኑ።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበርና ጋናቸውን በዚያ አጠኑ፣ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ታሪኩን እየነገሩ። ጭሱ ዓይናቸውን አቃጠለው፤ ሲያስሉም ሰነበቱ። ድመቷ ከቤት ወጥታ በዚያው ቀረች። "ቅዱስ ነገር ሰይጣን ሲያስወጣ እንዲህ ነው" አሉ። የተረፈውን አጥሩ ላይ ሰኩት። የሚቀልቡት ሙክት እሱን ሲቀነጥስ ውሎ፣ በማግሥቱ አራት እግሩን ዘርግቶ ተገኘ።

"የሰው ዓይን ነው" ተባለ። ይግዛውም "ዓይን ነው" አለ። 

የሙክቱ ነገር ግን አላስቀምጥ ቢለው፣ የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ፎቶውን ደብረ ታቦር እርሻ ለምትማረው ለሚስቱ ታናሽ እህት፣ ለቤተልሔም ላከላት። ወደ አማቱ ቤት መንገድ ሲጀምር ስልኩ ጮኸ።

"ጋሽ ይግዛው፣ ይኼን ተክል የነካው አለ?"

"ምነው?"

"ኦሊያንደር ይባላል፤ ለጌጥ የሚተከል ነው። ቅጠሉም እንጨቱም ጭሱም መርዝ ነው፣ ልብ ያቆማል። ከብት ከበላው አያድርም። ፎቶው ላይ እማዬ ለምን ታቅፈዋለች?"

ይግዛው ስልኩን እንደያዘ ሮጠ።

ማኅበርተኛው ተቀምጧል፤ አባ መልካሙም ጸሎቱን አሳርገዋል። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣምና፣ እማዋይሽ መዳፋቸው ላይ ጠብ ሊያደርጉ ዋንጫውን አዘንብለዋል።

"እንዳይቀምሱት! መርዝ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ምነው፣ ጅቡ ጋቢውን ሊመልስ መጣ እንዴ?" አሉ አባ መልካሙ።

"በሚካኤል! የኢየሩሳሌም ወይራ ያልኩት ውሸቴን ነው። እንጨቱን አላውቀውም ነበር። ሙክቱን የገደለውም እሱ ነው!"

"የሰው ዓይን ነው ስትል አልነበረም?" አለ ጎረቤቱ ካሴ፣ ዕንባውን እየጠረገ።

እማዋይሽ ግን አልሳቁም። "በማኅበሬ ፊት መርዘኛ ልትለኝ? ከጌሾው ጋርም ወቅጬ ጨምሬዋለሁ፣ ለበረከት ብዬ። እንግዲያው እየኝ!" ብለው ዋንጫውን እንዳለ ወደ አፋቸው አነሡት።

ይግዛው ተወርውሮ ደረሰ። ዋንጫውን ከእጃቸው በጥፊ መታው። መጁን ከወፍጮው ላይ አንሥቶም ጋኑን ሰበረበት። እማዋይሽ ከእናታቸው የወረሱት ጋን ነበር። ጠላው ደጃፉን አልፎ ግቢው ላይ ተንጣለለ።

አሁን የሚስቅ የለም።

"ውጣ" አሉ እማዋይሽ ቀስ ብለው። "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።"

ወጣ። ዶሮዎቹ ወደ ፈሰሰው ጠላ እየተሯሯጡ ነበር።

ቁጥቋጦውን ሊያስነቅል ወደ ሆቴሉ በረረ። ቁጥቋጦው ግን የለም፤ የቀረው ተልጦ የነጣ ጉቶ ነው።

"የከተማው ሰው ምን ነክቶታል?" አለ ዘበኛው። "ሰሞኑን በእቅፍ በእቅፍ ወስደው ጨረሱት። ከስማዳም ከጋይንትም መጥተዋል። አንድ መነኩሴ በመቋሚያው ያመጣው ነው፣ ባሕር የከፈለበት ነው ይላሉ።"

"ማዕበል ጸጥ ያሰኘበት ነው" አለ ይግዛው፣ ሳይታወቀው።

ቀና ሲል ከተማው ከዳር እስከ ዳር ይጨሳል። የትኛው ጭስ የወይራ፣ የትኛው የዚያ እንደሆነ መለያ የለውም። ከቀረበው በር ጀመረና አንኳኳ።

"ማን ነው?" አለች አንዲት ሴት፣ ከውስጥ እያሳለች።

"ይግዛው ነኝ። እባክሽ ክፈቺልኝ፣ የምነግርሽ አለኝ።"

ከውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ ሳል።